አውቶቡስ የቀረበት መንገድ

ባቡር ያለው አገር ስለተተወ ሐዲዱ ይጽፋል። እኛ መካነ ሰላሞች ባቡር በዓይናችን አላየንም፤ የሞተብን ከአቀስታ ወዲህ ተገንጥሎ ወደ ገደሉ አፋፍ የሚወጣው የጠጠር መንገድ ነው። አስፋልቱ በሌላ ሸንተረር ሲያልፍ አውቶቡሱ ቀረ፤ አሁን ላሞች ይተኙበታል። ታሪኩ ሳይጻፍ ሊጠፋ ነው ብዬ ተቆጨሁና የትምህርት ቤት እረፍቴን ሰጠሁት። የሚያነበው ይኑር አይኑር ግድ አልነበረኝም። አስተማሪ ነኝ፣ ለማይሰማኝ ሰው ማውራት ለምጃለሁ።

በመንገዱ ጫፍ፣ አውቶቡሱ ይዞርበት በነበረው ሜዳ ላይ፣ አንዲት ባልቴት ብቻቸውን ቀርተዋል። ድሮ ለተሳፋሪ ሻይና ቂጣ ይሸጡ ነበር። ጎረቤቶቻቸው ቆርቆሯቸውን ነቅለው ወደ አስፋልቱ ሲወርዱ እሳቸው አሻፈረኝ አሉ። አንዲት ልጃቸው ወደ አረብ አገር የሄደችው ከደጃፋቸው በአውቶቡስ ተሳፍራ ነው፤ ስትመለስ ቤቱን ታጣዋለች ብለው ፈሩ። ስልኳ መነሳት ካቆመ ሰንብቷል።

ስለዚያ መንገድ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብዬ ወደ አስፋልቱ የወረዱትን የመንደራቸውን ሽማግሌዎች አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንኩ፤ ለማያውቁት ወንድ ብቻቸውን አያወሩም ተብዬ ነበር። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"ከሰዓት በኋላ አይሆንም?" አሉኝ ሸሁ፣ የሁሉም ታላቅ።

"የገበያ ቀን ነው፤ ሳይወጡ በማለዳ እንድረስባቸው" ብዬ ድርቅ አልኩ።

"እንግዲህ ኸይር ያድርገው" አሉ።

ጎህ ሲቀድ ሄድን። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ሁላችንም ጋቢያችንን እስከ አፍንጫችን ተከናንበናል። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፦ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ተከናንቦ። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔ ግን ስልኬ ድምፅ መቅዳቱን እያየሁ ነበር።

ባልቴቲቱ በሩን ከፍተው አዩን። የያዙት ጀሪካን ከእጃቸው ወደቀ። ወዲያው ፊታቸውን በጥፍራቸው ይቧጥጡት ጀመር፤ "ልጄን! ልጄን በሉብኝ!" እያሉ መሬት ላይ ተንከባለሉ።

"ኧረ እማማ፣ ስለ መንገዱ ልጠይቅዎ ነው! ስለ አውቶቡሱ!" ብዬ ጮኽኩ።

ቀጥ አሉ። "ወላሂ ስለ መንገዱ?"

"ወላሂ።"

ደም በጉንጫቸው እየወረደ ሳቁ። እጄን ይዘው ሳሙኝ። እንዲህ ያለ ደስታ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም፤ ሁለተኛም አያሳየኝ። ከዚያ ወደ ሸሁ ዞሩ።

"አንቱም ይማሉልኝ። ልጄ በሕይወት አለች ይበሉኝና ልመን።"

ሸሁ በውሸት አይምሉም። አንገታቸውን ደፉ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖ ኖሯል፤ የልጅቱን መሞት ሁሉም ሰምተዋል። መኸሩ ይግባ፣ ወንድማቸው ከቆላ ይምጣ እያሉ ደብቀውታል። አብረንህ አንሄድም ቢሉኝ ምክንያቱን ሊነግሩኝ ሆነ፤ ወሬው እንዳይወጣ ሲሉ ራሳቸው ተሸክመውት መጡ። እስካሁን ስናደድባቸው እኖራለሁ።

ባልቴቲቱ አሁን አልጮኹም። ጩኸቱን በሐሰቱ መርዶ ጨርሰውት ነበር። ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አሉና ስልኬን አዩት።

"ይቀዳል?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እንግዲያው ቅዳ። ይህ መንገድ ልጄን ወሰዳት፣ አልመለሳትም። ሌላ ታሪክ የለውም።"

ረፋዱ ላይ ወሬው ገበያ ደረሰ። የተሸከመውም አህያ የሚነዳውም እቃውን ጥሎ ለለቅሶ በዚያው በጠጠሩ መንገድ ወጣ። አውቶቡሱ ከቀረ ወዲህ መንገዱ እንደዚያ ቀን ሰው ሞልቶበት አያውቅም።