አባዬ ከወንዙ ያወጣው ድንጋይ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ጀግና የለበትም፣ የሄድንበትም ቦታ ከለንደን የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት ከተማሪዎች መኖሪያችን ጀርባ ዝናብ የመታው ሣር ተረጋግጦ ሲሸት፣ አጠገቡም አንድ ልጅ በትንሽ የጋዝ ምድጃ ሻይ ሲያፈላ፣ ሁለቱ ሽታ ተቀላቅሎ ወደ ዘጠኝ ዓመቴ መለሰኝና ክፍሌ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ሰሜን ለንደን፣ ቶተንሃም ነበር። ጋሽ ደምሴ፣ ባለቤታቸው እትዬ ሰብለና ልጃቸው ቤዛ ከእኛ ሁለት መንገድ አለፍ ብለው ይኖሩ ነበር። አባዬና ጋሽ ደምሴ እንግሊዝ የገቡት በአንድ ዓመት ሲሆን፣ ፊንስበሪ ፓርክ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው፣ አንዱ ቀን ሌላው ሌሊት ስለሚሠራ በአንድ አልጋ ተራ በተራ ይተኙ ነበር አሉ። ቤዛና እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ አልጋ ላይ እግርና ራስ ሆነን እየተኛን አደግን። እኔ ወንድምም እኅትም ስላልነበረኝ፣ ሰው «እኅት አለሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ሳላፍር «አዎ» እል ነበር።

ሁሉም የተበላሸው ብርዱ በጠናበት፣ ገና ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። የጋሽ ደምሴ እናት አዲስ አበባ ሲያርፉ፣ ዘመዶች ደውለው መርዶውን እንዲያረዳ አደራ የሰጡት ለአባዬ ነበር። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፤ ወዳጆች ተሰብስበው በማለዳ ሰውየው ቤት ሄደው ነው የሚያረዱት። ጋሽ ደምሴ ግን ትልቅ የጭነት መኪና ይዘው ወደ ስኮትላንድ ወጥተው ስለነበር፣ አባዬ «መሪ ይዞ ቢሰማ አደጋ ይደርስበታል፣ ሲመለስ ሄደን እንነግረዋለን» ብሎ ዝም አለ። ጋሽ ደምሴ ነዳጅ ሊሞሉ በቆሙበት ስልካቸውን ሲከፍቱ የእናታቸውን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ አዩት። ከተመለሱ በኋላ አባዬ ለቅሶ ሊደርስ ሲሄድ፣ በሰው ሁሉ ፊት በር ላይ አቁመው «አውቀህ ነው ዝም ያልከኝ?» አሉት። አባዬም «ለአንተው ብዬ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ፀደይ ገብቶ ዛፉ ሁሉ ሲያብብ የእኛ ቅዳሜዎች ባዶ ሆኑ። እማዬ «ይቅርታ ብትለው ምን ይጎድልብሃል?» ስትለው አባዬ «ምን አጠፋሁና!» እያለ ይወጣ ነበር። ከዚያም እነቤዛ በመስከረም ወደ ስቶክዌል ሊዛወሩ ነው የሚል ወሬ መጣ። ስቶክዌል ከእኛ በሌላኛው የለንደን ወገን ነው፤ አባቶቻችን ሳይታረቁ ከሄዱ ቤዛን ዳግመኛ እንደማላገኛት በልጅነት አእምሮዬም ገብቶኝ ነበር።

የእንግሊዝ በጋ ሊያልቅ ሲል፣ ጾመ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ እናቶቻችን መከሩ። በነሐሴ መጨረሻ፣ ሰኞም ሥራ በማይገባበት የእረፍት ሰሞን፣ አልጋም ምድጃም ያለው ሞተርሆም የሚባል መኪና ተከራይተው፣ እንግሊዝና ዌልስ ድንበር ላይ ወዳለው ዋይ ወንዝ እንድንሄድ ቆረጡ። ለባሎቻቸውም «ልጆቹ ሳይለያዩ ይደሰቱ» አሏቸው። ያን የሚያህል መኪና መንዳት የሚችሉት ጋሽ ደምሴ ብቻ ስለነበሩ መሪውን እሳቸው ያዙ፤ አባዬ ከኋላ ጥግ ላይ ተቀመጠ። መልእክተኛዋ እኔ ነበርኩ።

«ሊያ፣ ለሹፌሩ መስኮቱን ይዝጋልን በይው፣ እናትሽ በረዳት።»

«ሊያ፣ የከፈተው እሱ ነው፣ አጠገቡ ያለውን ይዝጋ በይው።»

«ኦ ማይ ጋድ!» አለች ቤዛ። «እዚሁ ናችሁ እኮ!»

«አንቺ ዝም በዪ!» አሉ እትዬ ሰብለ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው ሳቃቸውን እየዋጡ።

ወንዙ በጫካ በተሸፈኑ ኮረብቶች መካከል እየተጠማዘዘ፣ አንዳንዴ እንደ ሐይቅ ረግቶ፣ አንዳንዴ በድንጋዮች ላይ እየተንሿሿ ይሄድ ነበር። ቤዛና እኔ ከጠዋት እስከ ማታ እግራችንን ውኃ ውስጥ ነክረን እንውል ነበር። አባቶቻችን ግን አንዱ ወደ ላይ ሲሄድ ሌላው ወደ ታች እየሄደ፣ ለምሳ ሲጠሩም በየተራ እየመጡ ይበሉ ነበር።

ልንመለስ በነበረበት ሰኞ ጠዋት፣ ሲዘንብ ስላደረ ሣሩ ላቁጦ ነበር። መኪናችን የቆመው ወደ ወንዙ ትንሽ ባዘነበለ ቦታ ላይ ስለነበር አባዬ ጎማውን ደጋግሞ ሲያይ ቆይቶ «ሊያ፣ ፍሬኑን ቼክ አድርጎታል ወይ በይው» አለኝ። ጋሽ ደምሴ ወንዙ ዳር በታጣፊ ወንበር ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር።

«ስንት ዘመን የነዳሁ ሰው ነኝ! ከፈራ ባቡር ይሳፈር በይው» አሉኝ።

አባዬ ይህን ስነግረው ጎማውን የሚያግድ ድንጋይ ፍለጋ ወደ ወንዙ ወረደ። እኔም አንድ ትንሽ ድንጋይ አቅፌ ከኋላው ተከተልኩ። የእሱ ግን ከገመተው በላይ ከባድ ስለነበር በእቅፉ መያዝ አቃተውና ጫንቃው ላይ አወጣው፤ በሁለት እጁ ደግፎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እየተንገዳገደ ዳገቱን ሲወጣ መንገዱ በጋሽ ደምሴ ፊት ያልፍ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ቀና ብለው አዩት። ኩባያው ከእጃቸው ወደቀ። ብድግ አሉና ኮፍያቸውን አውልቀው «ግርማ! ኧረ በማርያም! እንዲህ እስክትሆን? አውርደው! አውርደው አልኩህ!» አሉ።

በወላጆቻችን አገር በደለኛ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳዩ ፊት ጎንበስ እንደሚል፣ «አውርደው» ከተባለም ይቅር ተባለ ማለት እንደሆነ ያን ቀን አላውቅም ነበር። የማውቀው ድንጋዩ ለጎማው መሆኑን ብቻ ነው። ያንኑ ልናገር አፌን ስከፍት እማዬ ከመኪናው በር ላይ ሆና ዓይኗን አፈጠጠችብኝ፤ የዚያን አስተያየት ትርጉም የሐበሻ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ዝም አልኩ። አባዬ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ መኪናውን አየ፣ ጋሽ ደምሴን አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና ድንጋዩን እግራቸው ሥር አስቀመጠው።

«ፈርቼ ነው ደምሴ» አለ። «ለአንተ ብዬ ብቻ አይደለም። ፊትህን እያየሁ እናትህ የለችም ማለት ፈርቼ ነው። ይቅር በለኝ።»

«ነዳጅ ማደያው ላይ ብቻዬን አለቀስኩ» አሉ ጋሽ ደምሴ። «የማላውቀው ፈረንጅ ሶፍት ሰጠኝ። ያን ቀን ልትይዘኝ የሚገባህ አንተ ነበርክ።»

ተቃቅፈው አለቀሱ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ ፈራሁ፤ ቤዛ እጄን ያዘችኝ።

«ኧረ መኪናው! መኪናው!» ብለው የጮኹት እትዬ ሰብለ ናቸው። ሞተርሆሙ በእርጥቡ ሣር ላይ ቀስ እያለ ወደ ወንዙ መንሸራተት ጀምሮ ነበር፤ እማዬ ከበሩ ዘላ ወረደች። ሁለቱ ሰዎች እንባቸውን ሳይጠርጉ ድንጋዩን ግራና ቀኝ ይዘው ሮጡና ጎማው ሥር ወሸቁት፤ መኪናው ተንገጫግጮ ቆመ። ጋሽ ደምሴ እያለከለኩ ድንጋዩንም ጎማውንም አባዬንም አዩ።

«አንተ! ለዚህ ነበር እንዴ ያመጣኸው?»

«ለዚህ ነበር» አለ አባዬ። «መንገድ ላይ ሐሳቤን ቀየርኩ።»

ጋሽ ደምሴ እርጥቡ ሣር ላይ ዘጭ ብለው እስኪቀመጡ ሳቁ። ስንመለስም «በል ከፊት ና፣ ፍሬኑን አንተ ትጠብቅልኛለህ» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡት። እስከ ለንደን ድረስ በመንገዱ ሲጨቃጨቁ መልእክተኛ የፈለገ ስላልነበረ፣ ቤዛና እኔ ከኋላ አልጋው ላይ እንቅልፍ ወሰደን።

ያን ጊዜ እርቅ ማለት ጠቡ እንዳልነበረ መርሳት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ እነጋሽ ደምሴ ከስቶክዌል ሊጠይቁን ሲመጡ፣ እሳቸው አሁንም አንዳንዴ «ግን መንገር ነበረብህ» ይላሉ፤ አባዬም «ነበረብኝ» ይላል፤ ከዚያ ወደ ኳስ ወሬያቸው ይመለሳሉ። ቤዛ በሌላ ከተማ ትማራለች፤ እኛም አልፎ አልፎ እንኳረፋለን። ልጅ ሳለሁ ትልልቆቹ እስኪታረቁ መጠበቅ ብቻ ነበር የምችለው፤ አሁን ግን ሳልውል ሳላድር እኔው እደውልላታለሁ። የአባቶቻችን ኩርፊያ ያበቃው ሰኞ፣ ነሐሴ ፳፭ ቀን ፳፻፯ ዓ.ም. ነው።