እጅ ያላየው መዥገር

አጎቴ በመጨረሻ ሕመማቸው ጊዜ፣ በካዛንቺስ ሆቴሎች ደጅ የሙሽራ ሠረገላ የምትስበውን ባዝራ ፈረሳቸውን እንድከታተል አደራ ሰጡኝ። ወደ ጉዳዩ የገባሁት በዚህ ነው። እርሳቸው ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን ከጆሮዋ ውስጥና ከጅራቷ ሥር እየሰደዱ መዥገር ይፈልጉ ነበር። «እጄ ካላየ አላምንም» ይላሉ። እኔ ግን፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያካበትሁት ልማድ ሆኖ፣ ንጹሕ መዝገብ ከፈትሁ፤ በየዕለቱ በዓይኔ ቃኝቼ «ተመርምራለች» እያልሁ ፈረምሁ።

ባዝራዋ ትኩሳት ይዟት ሽንቷ ሲቀላ፣ ሠረገላ ነጂውን ከድርን ጠረጠርሁ። በዕረፍት ፈቃድ ተጣልተን ነበርና፣ መርዝ አብልቷታል ብዬ ከሥራ አገድሁት።

«ጋሼ፣ እኔ ለእሷ መርዝ? ከልጆቼ ለይቼ አይቻት አላውቅም እኮ!» አለኝ።

አጎቴ ከአልጋቸው ሆነው የጠረጠሩት እኔን ነው።

«መዝገብህን ተወውና፣ እጅህ ከጅራቷ ሥር ገብቷል?»

«በዓይኔ ቃኝቻታለሁ» አልሁ።

«እንግዲያስ ደሟ ይታይ። እስከዚያ በሰው ልጅ ላይ አትፍረድ።»

የእንስሳት ሐኪሙ ደሟን ለምርመራ ወስዶ መድኃኒት ጀመረላት። አጎቴ ውጤቱን ሳያዩ አረፉ። በቀብራቸው ላይ ከድር ሲያነባ እንኳ፣ «የጥፋተኛ እንባ ይሆን?» ብያለሁ።

ባዝራዋ አገግማ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ጆሮዋን ወደ በሩ ታቀናለች። የምገባው እኔ ስሆን መልሳ ትጥለዋለች።

ማኅተም ያረፈበት ውጤት የመጣው በአርባቸው ዕለት ነው፦ በደሟ ውስጥ መዥገር የሚያስተላልፈው ጥገኛ ተሕዋስ ተገኝቷል። የከድርን እገዳ ያነሣሁበት ደብዳቤም የዚያኑ ዕለት ቀን ይዟል።