ከጨለመው ስክሪን ፊት

የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ያረጁ ኮምፒውተሮችን ሊሰበስብ ጋሪውን እየገፋ ሲገባ፣ ሴትየዋ የአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጣ የላፕቶፗን ቁልፎች ትደበድባለች። የሹራቧ ክርን ነትቧል። እርሳሷን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ጠረጴዛው ላይ እርሳስ ትፈልጋለች። ከጎኗ ካስቀመጠችው ስልክ የሰው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«እሱ እኮ ሞቷል፣ እህቴ። ልውሰደው» አላት።

«እጅህን አንሳ» አለች ቀና ሳትል። «የጠፋው ዓይኑ ነው።»

የግራፊክስ ካርዱን የሠራው ድርጅት «አርጅቷል» ብሎ እርግፍ አድርጎ ትቶታል። ስለዚህ ከርነሉ ውስጥ፣ በማሽኑ እምብርት ተቀምጦ ምስል የሚያወጣውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ራሷ እየጻፈችለት ነው። በተሳሳተች ቁጥር ስክሪኑ ድርግም ይላል። ያኔ በቀጭን ሽቦ ወደ ላፕቶፗ የሚመጣውን የማሽኑን መልእክት ታነባለች። ሠራተኛው አንገቱን አስግጎ ቢያይ፣ ሞተ ያለው ማሽን መስመር በመስመር ላይ እየደረደረ ይለፈልፋል።

«አለቃ ግን ውሰድ ብለውኛል።»

«እምቢ አለች በላቸው።»

ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ ድምፅዋን አለሰለሰች። «እማዬ፣ አለሁ። አሁን ነርሶቹ ምሳሽን ያበሉሻል። ካልጣመሽ ትፊው።»

ሠራተኛው ከስልኩ ወደሚሰማው ትንፋሽ ጆሮውን አዘነበለ።

«አይመልሱም እንዴ?»

«አንደበቷ ከተያዘ ቆየ። እዚያም ያንተ ቢጤዎች አሉ፤ አትሰማም፣ በከንቱ አትድከሚ የሚሉኝ።»

ሠራተኛው ባዶ ጋሪውን አዞረ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ፤ ተመልሶ መጥቶ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለና፣

«ደህና ይዋሉ፣ እናቴ» አለ።