የሙት አግዳሚ

ጋምቤላ ገና ክልል በሆነችበት፣ የቢሮው በር ላይ የተጻፈው ቀለም ሳይደርቅ ሹሙ በሚቀየርበት ዘመን፣ አኬሎ ባሮ ዳር ባለው የውሃ ፓምፕ ጣቢያ ትሠራ ነበር። ሞተሩ ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ውሃው ከወንዙ ተስቦ ወደ ታንከሩ ይወጣል፤ ከታንከሩ ወደ ቦኖዎቹ ይወርዳል። የአኬሎ ድርሻ በወንዙ በኩል ነበር። ውሃ የሚስበው ቧንቧ አፍ ላይ ያለውን ወንፊት ከሣርና ከቅጠል ታጸዳለች።

አለቃዋ አቶ ጥዑመልሳን ከደጋ የመጡ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። በመንግሥት ለውጡ ሰሞን ሞተሩን ማስነሣት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያ ሰው አንድ ጠዋት ሳይመጣ ቀረ። የት እንደገባ ያወቀ የለም። ከተማው ወንዙን ጠጣ፤ ሕፃናት በትውከትና በተቅማጥ ረገፉ። የአቶ ጥዑመልሳን ልጅም አንዷ ነበረች። ጣቢያው በእጃቸው ሲገባ ታዲያ አንድ ሥርዓት አወጡ።

ጠዋት ሠራተኛው ሲሰበሰብ፣ ሳያስጠነቅቁ አንዱን ይጠሩና፣ “ዛሬ ሞተሃል” ይሉታል።

የሞተው ማንጎው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ሄዶ ይቀመጣል። ሥራውን ሌሎቹ ይሠሩለታል። ቢቸግራቸውም አይጠይቁት፤ ቢጣራም አይዞሩ። “ያለህን ዕውቀት በቁምህ ካላካፈልክ፣ ከሞትክ በኋላ ማን ይሰማሃል?” ይሉ ነበር አቶ ጥዑመልሳን።

መጀመሪያ ሁሉም ሳቀ። ከሁሉ የባሰው ከዚያ ወዲህ የተቀጠረው ሽማግሌ ሞተሪስት ኦጁሉ ነበር።

“አቶ ጥዑሜ፣ ሟች ምሳ ይበላል ወይስ በተዝካሩ ነው የሚጠብቀው?”

“አባባ፣ ዝም በል! ሞተሃል እኮ” አለችው አኬሎ።

በዚያው ቀን ኦጁሉ ከአግዳሚው ላይ ለቀልድ “እባብ! እባብ!” ብሎ ጮኸ። ዘሎ የተነሣው ሩአች ብቻ ነበር። ሩአች ከኢታንግ በኩል የመጣ፣ አዲስ የተቀጠረ ረጅም ጎልማሳ ነው። አቶ ጥዑመልሳን አልተቆጡትም። “ሩአች፣ ሙት ሲጠራህ ዞርክ” አሉት፤ በቃ። ሰዉ ግን ሲያሾፍበት ሰነበተ። “ሩአች፣ መቃብር ያለው ዘመድህ ሰላም ብሎሃል!”

እያደር ሳቁ ቀነሰ። አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ምክንያቱን ያውቀዋል። አኬሎ መጀመሪያ የሞተች ቀን፣ ኦጁሉ በአጠገቧ ሲያልፍ ዐይኑ በባዶ ግድግዳ ላይ እንደሚያልፍ ፊቷን አለፈው። ሲያስመስል አልነበረም፤ ለምዶት ነው። ቀትር ላይ፣ መኖሯን ለማረጋገጥ፣ እጇን አንስታ አየችው። ማታ ጎረቤቷ “እንዴት ዋልሽ?” ስትላት ደነገጠች።

በነሐሴ ባሮ ሞልቶ፣ ቀልቶ፣ ግንድና ሣር እየጎተተ በሚወርድበት ሰሞን ተራው ዳግመኛ ደረሳት። ሩአች ሥራዋን ተረከበና የሣር መሳቢያውን ሜንጦ ይዞ ቁልቁለቱን ወረደ። ሁሉን አሳይታው ነበር፤ የት እንደሚረግጥ፣ ወንፊቱን እንዴት እንደሚስብ። አንድ ነገር ግን አላሳየችውም። እሷ እግሯን ከማስገባቷ በፊት ሁልጊዜ ውሃውን በዱላ ትመታለች። እናቷ ስታደርገው አይታ የያዘችው ነው። ሥራ ብላ ስለማትቆጥረው ለማስተማርም አላሰበችውም።

ሩአች ውሃውን ሳይመታ ገባ። ውሃው እስከ ጉልበቱ ሲደርስ ጎንበስ አለ።

አኬሎ ከአግዳሚው ላይ ግንዱን አየችው። ግንድ በነሐሴ ብርቅ አይደለም፤ ሁሉም ግን ቁልቁል ነው የሚወርደው። ይሄኛው ሽቅብ ይመጣ ነበር።

“ሩአች! አዞ!”

አልዞረም። ትከሻው ብቻ ጠበቅ አለ። ኦጁሉ በቆርቆሮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጨርቅ ይጨምቅ ነበር፤ እሱም ቀና አላለም። ደግማ ጮኸች፤ ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ። ሩአች ይባስ ብሎ አንድ እርምጃ ወደ ጥልቁ ገባ።

ሮጣ ብትወርድ አትደርስም፤ ቁልቁለቱ ጭቃ ነው። ዞራ ኦጁሉን ገፍትራ ቆርቆሮ ቤት ገባችና ሞተሩን አጠፋችው።

ዝምታው ወንዙ ላይ እንደ ጨርቅ ተዘረጋ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች እጃቸው ባለበት ቀረ። አቶ ጥዑመልሳን ከቢሯቸው ባዶ እግራቸውን ወጡ። ሩአች የሞተሩ መቆም ገዳይ ነገር መሆኑን ያውቃልና ሜንጦውን ጥሎ ሽቅብ ሮጠ። በቆመበት ቦታ ላይ ውሃው አንዴ ተገለበጠና ተመልሶ ገጠመ።

ቧንቧው አየር ስቦ ስለነበር ፓምፑን በባልዲ ውሃ እየሞሉ ሞተሩን ደግሞ ለማስነሣት ቀኑ አለቀ። አኬሎም አብራ ቀዳች። ባልዲ ይቀበሏታል፤ የሚያናግራት ግን የለም። ከሙታን ገና አልተፈታችም።

“ማን ነው ያጠፋው?” አሉ አቶ ጥዑመልሳን።

“በሕይወት ካለነው ማንም የለም” አላቸው ኦጁሉ፤ ሊያድናት ብሎ። አልሳቀም።

ማታ ወደ ቤት ሲሄዱ ሩአች ከኋላ ደረሰባት።

“አኬሎ። ስትጠሪኝ ሰማሁ።”

“ታዲያ ለምን አልዞርክም?”

“ድምፅሽ ከኋላዬ አልመጣም እኮ። ከፊቴ ነው የመጣው፤ ከውሃው። ና ያልሽኝ መሰለኝ።”

አኬሎ ሌሊቱን አልተኛችም።

በማግስቱ አቶ ጥዑመልሳን፣ “ኦጁሉ፣ ዛሬ ሞተሃል” አሉ። ሽማግሌው ሄዶ ተቀመጠ። አኬሎ ተከትላው ሄደች፤ ሁሉም እያያት ፊቱ ቆመች።

“እንዴት አደርክ፣ አባባ?”

“ኧረ ተይ” አለ በሹክሹክታ። “ትባረሪያለሽ።”

“እንዴት አደርክ ነው የምልህ!”

አቶ ጥዑመልሳን ቀረቡ። “አኬሎ፣ ሙት አይናገርም።”

“እኔ ትናንት ተናግሬያለሁ” አለቻቸው። “ሩአች ድምፄን ከወንዙ ሰማው። ወደ ወንዙ ገባ። ቢያባርሩኝም ከእንግዲህ እዚህ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ሰላም እላለሁ።”

አቶ ጥዑመልሳን ወደ ሩአች ዞሩ። ድምፃቸው ከወትሮው ይልቅ ዝቅ አለ።

“የማን ድምፅ ነበር?”

“የአኬሎ ነው፣ ጌታዬ።”

“የልጅ ድምፅ አልነበረም?”

 ሞተሩ ይጮኻል። አለቃው ወንዙን ለረጅም ጊዜ አዩ፤ ከዚያ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

“ኦጁሉ” አሉ። “ዛሬ አልሞትክም። አቦቦ ሄደሃል።”

“አቦቦ፣ ግድቡ ዘንድ፣ ምን ልሠራ?”

“ምንም። ተቀመጥ። አደጋ ካየህ ጩኽ፤ እንሰማለን።”

“ከአቦቦ ድረስ?”

“ከአቦቦ ድረስ።”

አኬሎ አልተባረረችም፤ በዚያ ጣቢያ አረጀች። ሥርዓቱም “ሞተሃል” በ“አቦቦ ሄደሃል” ተተክቶ እንዲሁ ቀጠለ፤ ሰው ቢቀርም ሞተሩ አልቆመም። ከሠራተኞቹ መካከል በእውነት ወደ አቦቦ መንገድ የሚኖረው ሰው ግን እስከ ዛሬ የቦታውን ስም አይጠራም። “ወደ ግድቡ ብቅ ልበል” ብሎ ነው የሚሰናበተው።