ከካርዱ የተነቀለው ገመድ

“ቆርቆሮ ነው ያመጣህልኝ፣ ኑሩ! ቆርቆሮ!” አሉ ሐጂ ኢድሪስ፣ ማያው ላይ እየተንገጫገጨች የምትሄደውን የጨዋታ መኪና እያሳዩ።

“ሐጂ፣ ካርዱ ደህና ነው። ትናንት ሸጋ አድርጎ ሲሠራ አይቻለሁ።”

“ታዲያ ዛሬ ምነው ታመመ?”

ጌም ቤቱን የሞላው ልጅ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ካርዱ እንዳልታመመ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ለአንተ ለምታነበው መናገር የቀለለኝ ፊትህን ስለማላየው ይሆን?

ሐጂ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጌም ቤት ቢከፍቱም ከኮምፒውተር ጋር አይተዋወቁም። የቤታቸው ኮምፒውተሮች አሮጌ ስለነበሩ ጨዋታው ይንቀረፈፍ ነበር። ጓደኛዬ ኑሩ “ምስሉን የሚያፈጥን ግራፊክስ ካርድ ይግባላቸው” አለ። እኔ ደግሞ “ድምፁን የሚያደምቅ ሳውንድ ካርድና ደህና ስፒከር” አልሁ። ግጥም እሞነጫጭር ነበርና ሁሉም ነገር በጆሮ የሚገባ ይመስለኝ ነበር። ሐጂ እንደ ጨርቃቸው ፈረዱ፦ ሁለት ጣቃ ጎን ለጎን ይዘርጋ፣ በቀን ብርሃን፣ ገዥ ባለበት። በአንዱ ኮምፒውተር የኑሩ ካርድ፣ በሌላው የእኔ፣ ጨዋታው አንድ ዓይነት። የረታው የቤቱ ቴክኒሻን ይሆናል። ኑሩ ከተረታ አዲ አርቃይ ወርዶ የአጎቱ የጭነት መኪና ረዳት ይሆናል፤ ሌላ መግቢያ አልነበረውም። ይህን አውቅ ነበር።

ከሐጂ ጋር ለዐሱር ሶላት ሲወጡ ኑሩ ዞር ብሎ፣ “ገመዱን ሰካክተህ ጠብቀን፣ አደራ” አለኝ።

ብቻዬን ሞከርሁት። በእሱ ካርድ መኪናዋ ኩርባውን እንደ ውኃ ፈሰሰችበት። በእኔው ሞተሩ ደስ ሲል ያጓራል፤ ግን ድምፁ በበረታ ቁጥር ምስሉ ቆም ቆም ይላል፣ አሮጌው ማሽን ሁለቱን መሸከም እንዳቃተው። ዓይኔ እውነቱን አየ። እጄስ ምን አደረገ? የማያውን ገመድ ከኑሩ ካርድ ነቅሎ ከኮምፒውተሩ የራሱ መሰኪያ ላይ ሰካው። ካርዱ ማሽኑ ውስጥ ተቀምጧል፤ ምስሉ ግን በእሱ በኩል አያልፍም። እጄ እላለሁ እንዴ? እኔ ነኝ። እኔ ነቀልሁት።

ሲመለሱ ሁለቱም ማሽን ተንቀረፈፈ፤ የእኔው ግን ቢያንስ ያጓራ ነበር። ሐጂ ቆርቆሮ ያሉት ያኔ ነው። ማሸነፌ አልበቃኝም። በልጆቹ ፊት ግጥም ገጠምሁ፦

ካርድ ያመጣል ብለን ስንጠብቀው ኑሩ፣
ቆርቆሮ ሰክቶልን ወጣ ከነክብሩ።

ልጆቹ ተቀባበሉት። ከጻፍሁት ሁሉ ሰው በቃሉ የያዘልኝ ይኸው ብቻ ነው።

በማግሥቱ ገመዱን ወደ ካርዱ መልሼ “ጠገንሁት” አልሁ። ሐጂ መረቁኝ። ምርቃቱን ጎንበስ ብዬ ተቀበልሁ። ልጅ ነበርሁ ልበል? ኑሩም ልጅ ነበር። ቸግሮኝ ነበር ልበል? የእሱ ይብስ ነበር። ይቅር በለኝም አልልህም፤ የበደልሁት አንተን አይደለም።

የማልነግርህ መስሎኝ የነበረው ግን ይህን ነው። ልጆቹ ግጥሜን እየደጋገሙ ሲንጫጩ ኑሩ ከማሽኑ ጀርባ ጎንበስ አለ። ገመዱን አየው። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ጮኾ ሊያጋልጠኝ ይችል ነበር፤ አላደረገውም። አደራውን የሰጠው ለእኔ ነውና እውነቱንም ከእኔው አፍ ሊቀበል የፈለገ ይመስለኛል።

“አንተ ንገራቸው” አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

“ምኑን?” አልሁ።

ኑሩ ካርዱን ሳይነቅል ቦርሳውን አንሥቶ በልጆቹ መካከል አለፈ። የቆርቆሮው በር ከኋላው ተዘጋ።