ሁለቱ ወፎችና ሁለተኛው የኮሶ ጣሳ

የልጅ ልጄ ማክዳ ለትምህርት ቤት ፕሮጀክቷ የምታነጻጽራቸውን ሁለት ወፎች በታብሌቷ ስታሳየኝ፣ መነጽሬን ወልውዬ ባይ ባይ ልዩነት አጣሁ። በደቡብ አሜሪካ ጫካ የጉንዳን ሰልፍ እየተከተሉ፣ ከጉንዳኑ የሚሸሸውን ነፍሳት የሚለቅሙ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ላባቸው አንድ፣ ምንቃራቸው አንድ። «አባባ፣ ድምፃቸውን ቼክ ያድርጉ» ብላ ከፈተችው። አንዱ ፉጨቱን ቁርጥ ያደርጋል፣ ሌላው ይጎትታል። ሳቄ መጣ። እኔና ብርሃኑ ነበርን።

ብርሃኑ መንታ ወንድሜ ነው። ልጅ እያለን አንድ ዓይነት ከሲታ፣ አንድ ዓይነት ጆሮ ትልቅ ነበርን። እናታችን ግን ስትጠራን «አቤት» በምንለው ትለየን ነበር። የኔ አጭር ነው፤ የሱ ይንቀረፈፋል።

አንድ ጠዋት አክስታችን እትዬ አሰለፈች ኮሶ ልታጠጣን መጣች። እኔ ጀግና ልባል ብዬ ቀድሜ ጨለጥኩት። ምላሴ ተኮማተረ፣ ጀግናው ሊያስመልስ ወደ ጓሮ በረረ። ስመለስ ብርሃኑ የለም፤ አክስቴ ሌላ ጣሳ ሞልታ ትጠብቃለች። «ና አንተ ብርሃኑ፣ ወንድምህ እንኳ ጠጥቷል» ብላ ክንዴን ያዘች። ተስፋዬ ነኝ ብዬ ብምል ማን ይመነኝ፤ ብርሃኑም ቢሆን ይህንኑ ነበር የሚለው። ያ መራራ ሽታ አፍንጫዬ ስር ደርሷል። ሁለተኛው ከገባ አልተርፍም ብዬ ጮህኩ።

እናቴ ጩኸቴን ሰምታ ከጎረቤት መጣች። አልጠየቀችም፣ አልመረመረችም። በር ላይ ቆማ ቀስ ብላ «ብርሃኑ» ስትል ተጣራች። ትልቅ ሰው ጠርቶት ዝም የሚል ልጅ በኛ ቤት አላደገም። ከጓሮው ወይራ ቅጠል መሀል ረጅም፣ ጨዋ «አቤ...ት» ወረደ።

ዛሬ እዚህ አሜሪካ፣ ብርሃኑ እሁድ እሁድ ከሚኖርበት ሰፈር ከሰንራይዝ ማነር ይመጣል። እሱ ጸጉሩን ቀለም ይቀባል፤ እኔ የሚቀባ አልተረፈኝም፣ ሆዴም ቀድሞኝ በር ይገባል። በዓይን የሚያምታታን የለም። ማክዳ ግን ባለፈው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «አባባ» ብላ ጠራች። ሁለታችንም «ወዬ» አልን። ካዚኖ ውስጥ እየሠራን በየሺፍቱ የቁማርተኛ ሲጋራ ጭስ ስንውጥ የኖርን ሰዎች ነንና፣ የወጣው አንድ ሻካራ ድምፅ ነበር። መለየት አልቻለችም።

«እንግዲህ ኮሶ ቢመጣ ሁለቴ የምትጠጣው አንተ ነህ» አለኝ ብርሃኑ።

አልተከራከርኩም። እናታችን ብቻ እንደዚያን ቀን በር ላይ ቆማ ትጥራን እንጂ፣ ሁለቱንም ጣሳ እጠጣለሁ።