ለቲቸር ሰናይት የፈተልነው ባና

በምኖርበት በአርባ ምንጭ ሙቀት የበግ ጠጉር ባና የሚለብስ የለም። ዝናብ የመታው በግ በአጠገቤ ባለፈ ቁጥር ግን ያ የእርጥብ ጠጉር ሽታ መንዝ ይወስደኛል፤ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ እሆናለሁ።

ቲቸር ሰናይት ከቆላ የመጣች ነበረች። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ ጠመኔ አልይዝ ይሏታል፤ ብብቷ ውስጥ አሙቃቸው ትጽፋለች። አባባ ሊድረኝ ሲያስብ ቤታችን ድረስ መጥታ፣ «ስምንተኛን ሳላስፈትናት የትም አልሄድም፣ ማርያምን!» አለችው። አባባም «እንግዲህ አንቺ ካለሽ ትማር» አለ። መማሬ በዚያች ቃሏ ላይ ተመሠረተ።

ጥቅምት ላይ እማዬ፣ «ለመምህርታችሁ ባና ሊሠራላት ነው፤ ሁላችሁም ጠጉር አዋጡ ተብሏል» አለችኝ።

«ብርዱ ሊያባርራት ነው እንዴ?»

«ዝም ብለሽ ፍተዪ» አለች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ።

የክርስትና እናቴ የሰጠችኝን ጥቁር ጠቦት አሸለትኩ። እማዬ በደጋን ነደፈችልኝ፣ እኔ ፈተልኩ። በዕረፍት ሰዓት እንዝርታችንን ይዘን አጥር ሥር እንኮለኮላለን። ፈትሏ የወፈረባትን፣ «አንቺ፣ ይኼ አህያ ማሰሪያ ነው!» እያልን በሳቅ እንገድላታለን። አንድ ቀን ቲቸር ሰናይት አየችንና «ለማን ነው?» አለች።

«ለአንቺ! በርዶሽ እንዳትሄጂብን!» አልናት በአንድ ድምፅ።

ፊቷን ዞር አደረገች። የሳቀች መስሎኝ ነበር።

ባናው ከሸማኔ የመጣ ዕለት ወላጆች ዳቦና ጠላ ይዘው የትምህርት ቤቱን ግቢ ሞሉት። እንዳለብሳት የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ባናውን ታቅፌ ፊቷ ስቆም ቄሱ መስቀላቸውን አንሥተው፣ «መንገድሽን የቀና ያድርግልሽ» ብለው መረቋት።

የምን መንገድ? እማዬን አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች። ከእኛ ከልጆቹ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። ባናውም መሸኛዋ ነበር።

«ቃልሽስ?» አልኳት።

እንባዋ ወረደ። «ይቅር በይኝ የኔ ልጅ። ፊታችሁ ሲጠቁር ማየት አልቻልኩም።»

ባናውን እግሯ ሥር አስቀምጬ ወጣሁ። ሰው ይሄዳል። የመሄጃዋን በገዛ እጃችን ስንፈትል እያየች ዝም ማለቷ ነው ያንገበገበኝ። አባባም «ይኸው ሄደች» ብሎ ከትምህርት አስቀረኝ፤ አጎቴ ወደ ሞላሌ ከተማ ወስዶ እስኪያስተምረኝ ሁለት ዓመት ቤት ዋልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይኸው እኔም መምህርት ሆንኩ። ዛሬም ግን አባታችን ሆይ ስደግም፣ ይቅርታው ጋ ስደርስ እሷ ትመጣብኛለች፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አልፈዋለሁ።

ዘንድሮ ለእኔም ዝውውር መጣልኝ። ደብዳቤው በደረሰኝ ማግስት፣ ገና ሁለት ወር ሲቀረኝ፣ ክፍል ገብቼ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። እንደ እኛ እንዳይታለሉ ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ በዕረፍት ሰዓት እንኳ ከክፍል አይወጡም፤ አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ። ትናንት ከፊት የምትቀመጠው ልጅ ደብተሯን እየሰበሰበች፣ «ቲቸር፣ ምነው እስከ መጨረሻው ቀን ባይነግሩን ኖሮ» አለችኝ።

እኛ ያን ጊዜ እስከ መጨረሻው ቀን እየሳቅን ነበር የፈተልነው።